በመካነ ሰላም የሰፋናት የበረዶ ጨረቃ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው "ምን ትሠሪ ነበር?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ጨረቃ እሰፋ ነበር" እላለሁ። የሚስቅ አለ፤ "ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?" የሚለኝም አለ። በሥራ ልምድ ወረቀቴ ላይ የሰፈረው "የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ባለሙያ" የሚል ነው፤ እሱም እውነት ነው። የጨጓራና የአንጀት ሥዕል፣ የአፍሪካ ካርታ፣ የቅጠል ክፍሎች ስሠራ ኖሬያለሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ግን ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ክው የሚያደርገኝ አንድ ሥራ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ካርታ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ካርታ የእጅ ሥራ ነበር። ለወንዙ አንድ ፕላስቲክ፣ ለመንገዱ አንድ፣ ለደኑ አንድ፣ ለተራራው አንድ አለ። እያንዳንዱን በመርፌ እየፋቅን ለየብቻ እናወጣዋለን፤ ከዚያ ማተሚያ ቤት ገብተው አንድ ወረቀት ላይ ይጋባሉ። አንዱ ፕላስቲክ የፀጉር ያህል ከሸሸ ወንዙ ተራራ ይወጣል። የክፍላችን ኃላፊ ጋሼ ሰይድ ነበሩ፤ የመካነ ሰላም ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ። የአቀስታ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ "በይ ነይ፣ የአገሬ ልጅ ከሆንሽማ ስህተትሽን ሌላ ሰው አያየውም" ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። ቀለም ከመምረጣቸው በፊት ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ። ከውጭ እንደገቡ ቀለም አያዩም፤ ዓይናቸው ከፀሐዩ እስኪያርፍ ድረስ መጋረጃው ሥር ቁጭ ይላሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከግራጫ ካፖርት በቀር ሌላ ልብስ አይታይም። አንድ ቀን ቀይ ሻሽ አስሬ ብገባ ከጠረጴዛቸው ቀና አሉና፣

"ዘነብዬ፣ ወላሂ ደኔን አቃጠልሽው!" አሉኝ።

ለካ ሻሼ ብርሃኑን አቅልቶት አረንጓዴው ላይ ጥላውን ጥሎባቸው ኖሯል። ከሁሉ በላይ የያዙት ሕግ ግን "ያላየሽውን አትቀቢ" የሚል ነበር። የአየር ፎቶው ላይ ደመና የሸፈነው ቦታ ካለ ባዶውን ይተዉታል እንጂ ከጎኑ ገምተው አይሞሉትም።

መንግሥት ተለውጦ ግምገማ ሲመጣ፣ ኋላም ኮምፒውተር ሲገባ፣ የእጅ ባለሙያ ትርፍ ነው ተባለ። ጋሼ ሰይድ በሙሉ ስብሰባ ፊት "ጊዜው ያለፈበት ባለሙያ" ተባሉ። ይህን ያላቸው ሰው መርፌ አያያዝ ራሳቸው ያስተማሩት ነው። እሳቸው ግን ሰምተው ሲጨርሱ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ካፖርታቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ያን ሁሉ ዘመን ከሠሩት ካርታ በአንዱ ላይ እንኳ ስማቸው የለም፤ የመንግሥት ካርታ የሰው ስም አይጻፍበትም።

እኔም ብዙ አልቆየሁም። ደመወዜ ሳይጨምር ሳይቀንስ ወደ መካነ ሰላም ተዛወርኩ፤ ለትምህርት ቤቶች ሥዕልና ካርታ ወደሚያዘጋጅ ማዕከል። ሻንጣዬን ይዤ ስገባ በሩ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ጋሼ ሰይድን። አገራቸው ገብተው በኮንትራት ተቀጥረዋል። ይባስ ብሎ ከወጣት መምህራን ጋር ተቀምጠው ኮምፒውተር ተምረዋል፤ ማውዙን እንደዚያ እንደ መርፌው በሦስት ጣት ይዘውታል።

ጨረቃዋ የመጣችልን በሲዲ ነው። ለትምህርት ውጭ አገር የሄደ የቀድሞ ባልደረባችን ለጋሼ ሰይድ ላከላቸው። ጁፒተር የሚባለውን ግዙፍ ፈለክ የሚዞሩ ብዙ ጨረቃዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ ዩሮፓ ናት። ከዳር እስከ ዳር የለበሰችው በረዶ ነው። ወደዚያ የተላከች መንኮራኩር በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር ያነሳቻቸው ፎቶዎች ነበሩ ሲዲው ላይ ያሉት። የመጀመሪያውን ከፈትን። ላይዋ በሙሉ ተሰነጣጥቋል፤ ረጃጅም መስመር በመስመር ላይ ተሻግሯል።

"ጋሼ፣ ይኼ የጃማ ደጎሎ ጥቁር መረሬ አፈር ነው እንዴ? በበጋ ሲሰነጠቅ እኮ እንዲህ ነው" አልኳቸው።

"ሱብሃነላህ" አሉ። እኔ ደግሞ ያን ያህል ርቆ ሄዶ የጃማን መሬት የሚመስል ነገር መኖሩ አስደንግጦኝ ለሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ።

መንኮራኩሯ ባለ ቀለም ፎቶ አታነሳም። የምታነሳው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ግን አንዱን ቦታ በተለያየ ባለ ቀለም መነጽር እየጋረደች ደጋግማ ታነሳዋለች። ሦስቱን ወስደን አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ሰማያዊ አድርገን ስናጋባቸው ቀለሙ ይወጣል። ጋሼ ሰይድ ይህን ሲያዩ እንደ ልጅ ነው የሳቁት። "እኛ ቀለም ስንለያይ ኖርን፤ ይቺ ለይታ አመጣችልን። መዳር ብቻ ነው የቀረን" አሉ።

መዳሩ ግን ቀላል አልነበረም። በአንዱና በሌላው ፎቶ መሃል መንኮራኩሯ ትሄዳለች፣ ጨረቃዋም ትዞራለች። ልክ ካልገጠሙ እያንዳንዱ ስንጥቅ በአንድ ጎኑ ቀይ በሌላው ሰማያዊ ጠርዝ ያወጣል። ከዚያ ደግሞ አንዱ ፎቶ ፀሐይ በአናት ሳለች፣ ሌላው ልትጠልቅ ስትል ተነስቷል፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተጣፈ ሱሪ ይመስላሉ። ስፌቱ የኔ ሥራ ሆነ። መስመር ከመስመር የሚሻገርበትን ቦታ በሁለቱ ፎቶ ላይ ፈልጌ አጋጥማለሁ፤ ብርሃኑን አስተካክላለሁ፤ መጋጠሚያውን አለሳልሳለሁ። የምሠራውም በጥቁርና ነጩ ላይ ብቻ ነበር። ቀለሙ የጋሼ ሰይድ ነው። በእሱ ማንም አይገባም።

ከፎቶዎቹ ጋር ለየመነጽሩ የብርሃን መለኪያ ቁጥር ተልኮ ነበር። እሳቸው ግን "ቁጥር ጥሬ ነው፤ የሚያበስለው ዓይን ነው" ብለው በራሳቸው ዓይን ያስተካክሉት ነበር። መንኮራኩሯ ደህና አድርጋ ያላነሳችውን ቦታ ባዶ ተዉት። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መጥቶ "ጋሼ ሰይድ፣ ይኼ ቀዳዳ ለእንግዳ አያምርም፤ ከጎኑ ገልብጠው ቢሞሉትስ?" ሲላቸው "አንተ ያላየሃትን ሚስት አግባ ብትባል ከጎረቤትህ ትገለብጣለህ?" አሉት። ከዚያ ወዲያ ስለ ቀዳዳው ያነሳ የለም።

ካርታው አልቆ ለዞኑ ሲታይ ወደዱት። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ደሴ ታትሞ እንዲከፋፈል ተወሰነ። ጋሼ ሰይድ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከታች ጥግ ላይ "ቀለም" ከሚለው ጎን ስማቸው ከነአባታቸው እንዲጻፍ። ተፈቀደ። ያን ቀን እንደ አዲስ ሙሽራ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ያ "ጊዜው ያለፈበት" የሚለው ቃል ውስጣቸው ገብቶ ምን ያህል እንደቆየ ያወቅኩት ያኔ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጨረቃዋ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ነበረች። ቀላል ሰማያዊ አይደለም፤ የመስከረም ሰማይ። ስንጥቆቿም ሐምራዊ። አንዴ ጠይቄያቸዋለሁ። "በረዶ ጥልቅ ሲሆን ሰማያዊ ነው፣ ዘነብዬ" አሉኝ። ጁፒተር አገር ሄጄ አላየሁ፣ ምን ልበል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ካርታው ወደ ደሴ በሄደ ሰሞን የጋሼ ሰይድ የልጅነት ጓደኛ፣ ጎረቤታቸው አባ ይመር አረፉ። ቀብር ላይ በእኛ አገር ክርስቲያን እስላም የለም፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጋሼ ሰይድ ከፈኑን፣ ሬሳው የሚገነዝበትን ነጭ ጨርቅ፣ እኔ ነኝ የምገዛው ብለው ገበያ ሄደዋል። ቆዩ። ሲመጡ ላብ በላብ ሆነዋል፤ ጨርቁን በብብታቸው ይዘዋል። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙና ዘረጉት።

"ሁለት ሱቅ መለስኩባቸው። ያደረ፣ ቢጫ የሆነ ጨርቅ ነው ለሰው የሚያወጡት። ነጭ ማለት ይኼ ነው" አሉ።

ጨርቁ ሰማያዊ ነበር። ውሃ ሰማያዊ፣ የሕፃን ልብስ የሚሰፋበት።

አልቃሾቹ ሳይቀሩ ልቅሷቸውን አቋርጠው ጨርቁን አዩ። ሸህ አሊ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ቀስ ብለው ተነሡና ጨርቁን ከእጃቸው ተቀብለው አጣጠፉት። "ጀዛከላህ ኸይር፣ ሰይዶ፤ አላህ ይቀበልህ" አሉ። ከዚያ ጨርቁን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ በጓሮ በኩል አንድ ሰው ወደ ገበያ ሲሮጥ አየሁ። ጋሼ ሰይድ ምንም አላወቁም። ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይዘው ያለቅሱ ነበር።

እኔ ግን ጨረቃዋ በዓይኔ መጣችብኝ፤ ያ ሰማያዊ፣ ያ ሐምራዊ። በረዶዋ ለእሳቸው ዓይን ቢጫ እየመሰለ ቢጫውን ሊያጠሩ ሰማያዊ ሲጨምሩ፣ ሲጨምሩ ኖረዋል። ስማቸውም ከሥሩ አለ።

በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አቀስታ ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሲቆም የእናቴን ቤት ጣሪያ እያየሁት አልወረድኩም። ደሴ ማተሚያ ቤቱ እንደደረስኩ ሙሉ የምትባለዋ የኅትመት ሠራተኛ ተቀበለችኝ። ደጋግማ ስልክ ትደውልልን ስለነበር በድምፅ እንተዋወቃለን። ካርታውን አቁሙት ለማለት አፌን ስከፍት ጣቷን ወደ ጥግ ቀሰረች። እስከ ወገቤ ተደርድሯል። ታትሞ አልቋል፤ ግማሹም በማግሥቱ ሊጫን ታስሯል።

"ምነው እቴ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ሰማያዊ ነው" አልኳት።

"እኔም እኮ ገርሞኝ ነበር። ናሙናውን ያወጣን ቀን ጋሼ ራሳቸው መጥተው አዩት። 'አሁን ነጭ ሆነ' ብለው ፈረሙ።"

"ነጭ ሆነ ሲሉሽ ምን አልሽ?"

"ምን ልበላቸው? አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። የተማሩ ናቸው። እኔ ነኝ የማላውቀው ብዬ ዝም አልኩ።"

ምን ብዬ እፈርድባታለሁ? እኔስ ምን አደረግኩ? አንድ ወረቀት ጠቅልዬ ይዤ፣ ሌላው እንዳይጫን ለምኛት ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ ነበር።

ቤታቸው ስገባ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ካርታውን ፊታቸው ዘረጋሁት። ደስ አላቸው። ወዲያው ስማቸውን ፈልገው አገኙና ጣታቸውን ጫኑበት። እኔ ከቦርሳዬ አዲስ ጥጥ አወጣሁ፤ መንገድ ላይ የገዛሁት፣ ለፈትል የተዘጋጀ። ከበረዶዋ አጠገብ አኖርኩት።

"ጋሼ፣ ከሁለቱ የቱ ነው ነጭ?"

"ካርታው ነዋ። ይኼ ቢጫው ምንድን ነው? ሱፍ ነው?"

"ይዳስሱት።"

በሁለት ጣታቸው ቆነጠሩት። ጎተት አድርገው አዩት። እጃቸው እዚያው ቀረ።

"ጥጥ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"ጥጥ ቢጫ የለውም።"

"የለውም፣ ጋሼ።"

እንዲህ ያለ ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ጥጡን ወደ አንዱ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ወደ ሌላው አስጠጉ፤ አወረዱት። ከዚያም፣

"ማን ማን አየው?" አሉኝ።

"ያየው ሰው ሁሉ።"

"የማተሚያዋ ልጅም?"

"አዎ።"

"መምህራኑም?"

"እነሱም። እርስዎን ማን ደፍሮ ይናገራል ብለው ነው።"

"የአባ ይመር ከፈንስ?" አሉ። ለካ ወዲያው ገብቷቸዋል። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ያኔ ጮኹ፤ ያ ቁጥብ ሰው ጎረቤት እስኪሰማ ጮኹ።

"ዝም አይነቅዝም ትላላችሁ! እኔን ግን አነቀዛችሁኝ! በአክብሮት አነቀዛችሁኝ! ወዳጄን እንኳ በምን እንደሸኘሁት አላውቅም? አንድ ሰው አጣሁ? ከዚህ ሁሉ ሕዝብ፣ ሰይድ ዓይንህ ጠፍቷል የሚለኝ አንድ ሰው?"

እግራቸው ሥር ወድቄ አለቀስኩ። ቆይተው "አብሽሪ፣ አብሽሪ፤ አንቺ ነግረሽኛል" አሉኝ። ድምፃቸው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ዞኑ ካርታው እንዲወገድ አዘዘ። ባክኗል ለተባለው ወረቀት ስብሰባ ተጠርቶ የተነገረንን ተነገርን፤ እሱ ያልፋል። እንደገና እንዲታተም ግን አንድ ዕድል ሰጡን። ጋሼ ሰይድን የያዛቸው የዓይን ሞራ መሆኑ ታውቆ ደሴ አንዱ ዓይናቸው ተገፈፈ። ፋሻው ሲፈታ አጠገባቸው ነበርኩ። የሐኪሙን ጋውን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ እኔን አዩኝ፤ "አርጅተሻል" አሉኝ። ሳቅንም አለቀስንም። ወዲያው ካርታውን አምጪ አሉ። አዲሱን ዓይን በመዳፋቸው ሸፍነው አዩት፤ ገልጠው አዩት። ሸፈኑ፤ ገለጡ። "ያ ረቢ" ብለው ወረቀቱን ራሳቸው ጠቀለሉት።

ወደ ሥራ ተመለስን። ሰማያዊውን መቀነስ ጀመሩ፤ እኔም ከጎናቸው ሆኜ ከፎቶዎቹ ጋር የተላከውን ቁጥር አነብባለሁ። በረዶዋ ቀስ በቀስ ነጣች፤ ስንጥቆቿ ዝገት የመሰለ ቡናማ ቀይ ሆኑ። ከቁጥሩ ጋር ገጠመ። ልቤ አረፈ። እሳቸው ግን አላቆሙም። "አሁንም ሰማያዊ አለ" ይላሉ፤ ይቀንሳሉ። "አለ፣ አለ" ይላሉ፤ ይቀንሳሉ። ስንት ዓመት ከቢጫ መጋረጃ ጀርባ የኖረ ዓይን ሲገለጥ ዓለሙ ሁሉ ሰማያዊ እንደሚመስለው ሐኪሙ ነግሮን ነበር፤ በሥራው ግለት ረስተውታል። በረዶዋ የቅቤ ቀለም መያዝ ጀመረች። ሁለት መምህራን ከኋላችን ቆመዋል። ዞር ብዬ አየኋቸው። አይተዋል። አንገታቸውን ደፉ።

"ጋሼ፣ አይቀነስም" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"አይቀነስም። ቅድም የነበረው ልክ ነው። አሁን እያበላሹት ነው።"

ከአፌ መውጣቱን እኔም አላመንኩም። በሕይወቴ ታላቅ ሰው በሰው ፊት "እያበላሹት ነው" ብዬ አላውቅም። ጋሼ ሰይድ አዩኝና ተነሥተው ወጡ። አንዱ መምህር "ምን ነካሽ?" ብሎ ሹክ አለኝ። ተቀየሙኝ፣ አጣኋቸው ብዬ ወንበሩን ጨብጬ ቀረሁ።

ሲመለሱ ፊታቸው በውሃ ርሷል። ወደ ወንበራቸው አልሄዱም። የኔን ሳቡ፤ የስፌቱን።

"ወደ እኔ ወንበር ተሻገሪ" አሉኝ። "ቀለሙን አንቺ ያዢ።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..."

"ሰው ፈልጌ ነበር፤ አገኘሁ። ተሻገሪ። ከታችም ስሙን አስተካክዪ። ቀለም፣ ዘነበች በይ። ሰይድን ስፌት ላይ አድርጊው።"

በድንጋጤ የገዛ ስሜን ስጽፍ ሦስቴ ተሳሳትኩ።